«ጎመኑ ስንት ወሩ ነው?»

ፍኖተ ሰላም
ሐሙስ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለውዳሴ፣

ከሆድሽ ፍሬ ጋር እንዴት ሰነበትሽ? የኖርዌይ ብርድ ገና በጥቅምት አጥንት ይገባል ብለሽኝ ነበርና ልብስ ደራርቢ። እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልኝ የቡሬዋ ፍሬሕይወት ናት፤ እዚያው ከተማችሁ የምትኖረው። እናቷን ጠይቃ ነገ ትመለሳለች። እሁድ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ቀጠሮሽ ማክሰኞ ነውና ሳታነቢው እንዳታድሪ።

ባለፈው እሁድ በስልክ «ሐኪሟ የጉንፋን ክትባት ተከተቢ አለችኝ፣ እኔ ግን አልሄድም» ስትይኝ ዝም አልኩ። «ሁሉንም ሰው እኩል አይከላከልም ብለው ራሳቸው በሰጡኝ ወረቀት ላይ ጽፈውት የለ? ደግሞስ እማ፣ አንቺ መርፌ ሳይነካሽ አይደል የወለድሽኝ?» ብለሽ ሳቅሽ። ዝምታዬን እሺታ አደረግሽው።

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተር አልጣሽን ጠየቅኋት። እኛ ዘንድ ይህ ክትባት የለም፤ እሷ ግን ተምራዋለች።

«ልጅዎ እውነቷን ነው፣ ለሁሉ እኩል አይደለም» አለችኝ። «ለጤነኛ ወጣት ይበረታል። ሰውነት ሲያረጅ ግን ክትባቱንም እንደ ድሮው አይቀበልም። በእርስዎ ዕድሜ ኃይሉ ይቀንሳል።»

«አሮጊት ነሽ ማለትሽ ነው?»

«ኧረ እኔ ምን ወጣኝ፣ እማማ! እንዲያም ሆኖ ለአረጋውያን ይሰጣል፤ ቢይዛቸው እንኳ አልጋ ላይ እንዳይጥላቸው።»

«ለሕፃንስ?»

ሳቋ ጠፋ። «ስድስት ወር ላልሞላው አይሰጥም። እሱን የምትጠብቀው እናቱ ናት። በሆዷ ሳለ ከተከተበች ለእሱም ይተርፋል። ለጥቂት ወር ነው፤ ግን ክፉው ጊዜ ያ ነው።»

አየሽ ልጄ፣ ወረቀቱ አልዋሸሽም። የተከተበም ሊታመም ይችላል። ቢሆንም የሚያፈስ ጎጆ በሐምሌ ከደጅ ይሻላል።

አሁን ደግሞ በስልክ ያልወጣልኝን ልንገርሽ።

ወንድምሽ ሲሞት ስምንት ዓመትሽ ነበር። ሾተላይ ነው የገደለው ሲባል ሰምተሻል፤ ከእኔም አፍ ሰምተሻል። የስድስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ከፈረስ ቤት ከተማ ከታቢዎች ወደ መንደራችን መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጠው ነበር። አባትሽ «ለእርጉዝ ነው ይላሉ፣ እባክሽ ሂጂ» ብሎ ለመነኝ። ከአንቺ በኋላ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶብኝ ስለነበር የሰው ዓይን ፈራሁ። በእርጉዞች ሰልፍ መቆም ሆዴን ላገር ማሳየት መሰለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ በዳር በዳር ሳልፍ አንዷ ነርስ አየችኝ።

«እታለም፣ ነይ ወዲህ! እርጉዝ አይደለሽ?»

«ኧረ ጎመን ነፍቶኝ ነው!»

«ጎመኑ ስንት ወሩ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ አልፌ ሄድኩ።

ሲወለድ እትብቱን በምላጭ ቆርጠው ቅቤ ቀቡት። በሰባተኛው ቀን ጡት መያዝ አቃተው፤ አፉ አልከፈት፣ ገላው እንደ እንጨት ግትር አለ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ክርስትና ስላልተነሣ አባትሽ ብቻውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቀበረው። ስም ሳይወጣለት ሞተ ይበሉ እንጂ አባትሽ አንዷለም ይለው ነበር።

ዘመዶቹ «ሾተላይ ያለባት ሴት ናት፣ ፍታት» እያሉ ሲነዘንዙት አንድ ቀን እንኳ «ሂጂ ብላት እንቢ ብላኝ ነው» አላለም። ከእኔ ጋርም አላነሳውም። ይዞት አፈር ገባ።

አንቺ ለትምህርት ስትሄጂ በተውሽው ደብተር ብቻዬን ፊደል ቆጠርኩ። ከቤት ውጪ መጀመሪያ ያነበብኩት የጤና ጣቢያውን ግድግዳ ነው፦ «መንጋጋ ቆልፍ። ነፍሰ ጡር እናት ስትከተብ ልጇም ይጠበቃል።» ፊደሉን የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ መልሼ አነበብኩት። አልተሳሳትኩም ነበር። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ለአንቺ ግን ከዚያም በኋላ ሾተላይ ነው አልኩሽ።

የጉንፋኑ መርፌ ሌላ፣ ያ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። እናት ለልጇ ክንዷን መስጠቷ ግን አንድ ነው። ብትቆጪኝ እውነት አለሽ። ብቻ ማክሰኞ ሂጂ። ከዚያ በኋላ ልታናግሪኝ ባትፈልጊ ሚስኮል አድርጊልኝ፤ አንዴ ጠርቶ ይቋረጥ፣ ይገባኛል። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከጉያዬ አላወጣውም።

ማርያም ከራስጌሽ አትራቅ። የምትወልጂውን ለክርስትናው ቀን ታብቃልሽ።

እናትሽ ሀብትነሽ፣
የውዳሴና የአንዷለም እናት