ከአልጋሽ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ልጄ እድላዊት፣ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ፤ ያሳደገሽ አምላክ ደጅሽን ይጠብቅልኝ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን መዋሸት ይበቃኛል።

እህትሽ ሳባ ቅዳሜ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ወሰድናት። አሁን ተሽሏት ላንቴ መንደር፣ አክስትሽ ቤት ናት። ሐኪሟ «ቤታችሁ ሻጋታ አለ?» ስትለኝ አፍሬ «የለም» አልኳት። አለ እንጂ። በየዓመቱ ቤቱን ለመስቀል ስቀባ፣ ከድሮው አልጋሽ ጀርባ ያለውን ጥቁር ነገር እንግዳ እንዳያየው ቀለም አለብሰው ነበር። ጣራው ከላይ ያፈስበታል። መስኮቱንም ለወባ ትንኝ ብዬ ዘጋሁት። ሳባ እዚያ ሦስት ክረምት ተኛች። ስታስል ብርድ ነው እያልኩ ይበልጥ እዘጋባት ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ተመልሼ ለሐኪሟ እውነቱን ነገርኳት። ሳባ አስም እንዳለባትና ሻጋታው እንደሚቀሰቅስባት፣ ውሃው ካልቆመ ደግሞ ቀለም እንደማያጠፋው አስረዳችኝ። አባትሽ ጣራውን አስጠግኖ፣ መስኮቱን የሽቦ ወንፊት አስመትቶ ከፈተው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አያለሁ። የታጠበ ልብስሽ ክፍሉ ውስጥ ተሰጥቷል፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ከትከሻሽ ኋላ ግድግዳው ጠቁሯል። አባትሽ ጥላ ነው ይላል። እኔም ሳባን ብርድ ነው ብያት ነበር።

እመቤቴ ከክፉ ትሰውርሽ። ሳል ካለሽ አትደብቂኝ። አልጋሽን ከግድግዳው ሳቢና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ፊትሽን አይደለም፣ ግድግዳውን።

እናትሽ ወለቴ፣ ከሴቻ