በጉልበትሽ ውስጥ የበቀለው

ሐይቅ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀፊዛ፣ ኩዌት

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሌላው ወሬ በፊት ልትረጂው የሚገባሽ ይህ ነው፦ ጉልበትሽ ውስጥ ያለው ዕጢ ካንሰር አይደለም። ይህን ሦስት ጊዜ አንብቢና ወደ ቀጣዩ እለፊ።

የላክሽውን የምርመራ ወረቀት ይዤ ደሴ ሄድኩ። የአጥንት ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር ይቸኩላል። አስደገምኩት፤ በደብተሬ ጽፌም መልሼ አነበብኩለት። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚለብስ ስስ ሽፋን አለ፤ ሥራው አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ያንቺ ሽፋን ያለ ልክ በቅሏል። የሐይቁን ዳር አስቢው፤ ደንገሉ ሲበዛ ታንኳ ማለፊያ ያጣል። የቆየ ደም ስላለበት ቀለሙ ዝገት ይመስላል። ብርቅ በሽታ ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ያየው ሁለት ሰው ላይ ብቻ ነው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የመዛመት ልማድ የለውም። ዝም ካሉት ግን በአጥንቶቹ ጫፍ ያለውን ለስላሳ ክፍል፣ ከዚያም አጥንቱን ይበላል። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው። ያንቺ አንድ ቦታ የቋጠረ ሳይሆን የተሰራጨው ዓይነት ስለሆነ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ ይህንንም አልደብቅሽም።

አሁን ወደ አማካሪዎችሽ። አክስትሽ ሀውራ «የሰው ዐይን ነው» ብላሻለች አሉ። ሀውራ የፍየሏንም ተቅማጥ ዐይን ነው ብላ ነበር፤ ፍየሏ የበላችው የጎረቤት ሳሙና ነው። አብራሽ የምትሠራው ኑርሀያት በጋለ ብረት ተተኮሺ ትልሻለች። የምታውቀው ብረት ካውያ ነው፤ እሱኑ ትያዝ።

ከሁሉም የሚብሰው ወጌሻው ባድሩ ነው። ቀዶ ጥገናውን ትተሽ ወደ እሱ ለመምጣት ማሰብሽን ስትነግሪኝ ውጫሌ ገበያ ድረስ ሄጄ ወረቀቱን አሳየሁት። ገልብጦ ያዘው።

«መምህር፣ ፊደሉ ያንተ ነው፤ አጥንቱን ለኔ ተወው። ውልቃት ነው። ትምጣ፣ ለጁምዓ አስሮጣታለሁ» አለኝ።

«ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አሥራ አንድ ጊዜ በቅቤ አሽተሃታል» አልኩት።

«ታዲያ ባላሻት ኩዌት ትደርስ ነበር?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

አላዋቂነት በሚዛን ቢሸጥ የዚያን ቀን ገበያው የባድሩ ነበር።

ማዳምሽም አለች። እግርሽን ስትጎትቺ አይታ «ስንፍና ነው» አለችሽ። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት እያላት ያበጠ ጉልበት ማየት ስለተሳናት ሴት አንድ ገጽ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁና ተመለስኩ። ያን ቃል ከእሷ በፊት የተናገረ ሰው እዚሁ ቤታችን አለ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር፤ አንቺን አርባ ይፈጅሽ ነበር። ከሰልፍ በኋላ በደረስሽ ቁጥር ሰሌዳው ሥር ያንበረከከሽ፣ የመምህር ልጅ ነሽ ብሎም ከሌሎቹ አስበልጦ ያቆየሽ ያ ሰው የተማሪን መዘግየት በደቂቃ ይመዘግብ ነበር። ለጉልበት የሚሆን ዓምድ ግን መዝገቡ ላይ አልነበረውም። በየሳምንቱም ባድሩ ቤት ያደረሰሽ እሱው ነው።

ሐኪሙን «መንበርከክ ያመጣዋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «አያመጣውም፤ መንስኤው ሽፋኑ ራሱ ውስጥ ነው» አለኝ። ልወጣ ስል በሩ ላይ መልሼ ጠየቅኩት። በማግስቱም ደወልኩለት። ደጋግሞ መጠየቅ ልማዴ መሆኑን ታውቂያለሽ።

በወረቀቱ ላይ ያለው የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ኅዳር 9 ነው። ሆስፒታሉ የሚጠብቀው ያንቺን ፊርማ ብቻ ነው። ፈርሚ። በስልክ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፤ ወረቀት ስለማይጮህ የጎረቤታችን ልጅ ጠሃ ኩዌት ወዳለው ሥራው ሲመለስ ይህን አስያዝኩት።

አላህ የሐኪሞቹን እጅ ያጽናልሽ። ሱጁድ ወርደሽ ያለ ሕመም የምትነሺበትን ቀን ያሳየኝ። ጉልበትሽ ከእንግዲህ ለእሱ ብቻ ይታጠፍ።

መፈረምሽን በአንድ መስመር ጻፊልኝ። ብትዘገዪ አልቆጣም፤ ግን እባክሽ ልጄ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

አባትሽ
ሳሊሕ ሀሚዱ