ለባዶው የዳኛ ወንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዳኞች ሹመትና ስንብት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ወንበርዎ ደህና ነው? ስለ ወንበር መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተሰብ ጉዳይ ሁለተኛ ችሎት ያለው የዳኛ ወንበር ሰው ሳይቀመጥበት ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ስለሆነ፣ የእርስዎን ወንበር እንዲህ ያለ ብቸኝነት እንዳይገጥመው ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ከልጄ እናት ጋር ከተለያየን በኋላ ልጃችን ከማን ጋር ትኑር የሚለውን እንዲወስንልን ወደ ችሎቱ ገባን። እናቷ ነርስ ናት፤ ያኔ የሌሊት ተራ ትሠራ ስለነበር፣ ልጅቷ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ከእኔ ጋር እንድትቆይ፣ እናቷም እሑድ እሑድ እየመጣች እንድታያት በጊዜያዊነት ታዘዘ። ልጅቷ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። የእናቷ የሌሊት ተራ ከቀረ ቆየ፤ ጊዜያዊው ትእዛዝ ግን እንደ እርስዎ ዕድሜ ይርዘምና እስካሁን አለ። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ቀላቅዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ/ የመጀመሪያዋን ዳኛችንን ስለሾሙልን እናመሰግናለን፤ ጉዳያችንን ሊጨርሱ ሲሉ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ስለሾሙብን ደግሞ እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ባለጉዳዩ ሁሉ «ሳቂታዋ» የሚላቸው ደግ ሴት ነበሩ። ልጄን ለብቻዋ ቢሯቸው አስገብተው፣ ከረሜላ ሰጥተው፣ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ጠየቋት። የነገረቻቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡ፤ እኛም እንደ አዲስ ጀመርን።

2ኛ/ የተተኩት አዛውንት ዳኛ ልጅቷን ቢሮ አስገብተው ያንኑ ሲጠይቋት፣ ልጄ ሆዬ «መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እርስዎም ሊሄዱ ነው?» አለቻቸው። ዳኛው ከት ብለው ሳቁ ይባላል። አልተሳሳተችም፤ መሄጃቸው ደርሶ ነበር። ክቡርነትዎ፣ ጡረታ እንደ ዶፍ ድንገት የሚወርድ ነገር አይደለም፤ የዳኛው የትውልድ ቀን ከተቀጠሩ ጀምሮ መሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር። አንዲት ሕፃን በአንድ እይታ ያወቀችውን ጽሕፈት ቤትዎ ከነ ሙሉ ሠራተኛው ሳያውቅ መቅረቱ ትልቅ ትሕትና ነውና ሳላደንቅ አላልፍም።

3ኛ/ የፍርዱ ቀን ሦስታችንም አምሮብን መጣን። የችሎቱ በር በፊኛ አጊጧል። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ «ግቡ፣ ግቡ! እንግዶች ከፊት ተቀመጡ» አለችን። ለካ የዳኛው የስንብት ቀን ኖሯል። ፍርዳችንን ብንጠይቃት በድንጋጤ አፏን ያዘች። «ኧረ ዛሬማ! በመሰናበቻ ቀን ፍርድ አይነበብም፤ ዳኛ የሰው እንባ ይዞ አይወጣም፤ የቆየ ልማዳችን ነው» ብላ በየእጃችን ኬክ አስያዘችን። የልጄ እናት ሳህኑን እንደያዘች አለቀሰች። ያዩአት ሁሉ በዳኛው መሄድ ልቧ የተነካ መስሏቸው «አይዞሽ እህቴ፣ ጡረታ እኮ እረፍት ነው» እያሉ አጽናኗት። እኔ ኬኬን ጨረስኩ። ይቅር ይበለኝና፣ ጣፈጠኝ።

ቀጥሎ ፎቶ አንሺው «እዚያ ጋ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲለን ጠጋ ጠጋ አልን። ያ ፎቶ ዛሬ በኮሪደራችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዳኛው መሐል፣ እኛ ከጎናቸው፣ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ እየሳቀች ትታያለች። ከተለያየን ወዲህ ሦስታችን አንድ ላይ የተነሣነው ፎቶ እሱ ብቻ ነው፤ ስላሳመራችሁልን እግዜር ይስጥልን።

ወደ አራተኛው ስደርስ እጄ ከበደኝ፤ ቁጥር ልሰጠውም አፈርኩ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለምና።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኛ ዳኛ የቆጫቸው ግን ሳይፈርዱ መውጣታቸው ኖሯል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጢማቸውን እኔው ዘንድ መላጨት ጀመሩ። አንድ ቀን ፊታቸውን አረፋ ቀብቼ ምላጩን ሳነሣ፣ «ያ ነገራችሁ እንዴት ሆነ? እኔ እኮ ለእናትየዋ ልሰጥ ነበር። አንተም ጥሩ አባት ነህ፤ ግን እሷን የከለከላት የሌሊት ሥራዋ ነበር፤ እሱ ከቀረ ምን ቀረ?» አሉኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ምላጩን አስቀመጥኩና ትኩስ ፎጣ አምጥቼ አፍና አፍንጫቸውን ሸፈንኩ፤ ሌላ ቃል እንዳይጨምሩ። ሒሳብም አልተቀበልኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለማንም አልተነፈስኩም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ክቡርነትዎ ደጅ ላይ በየወሩ እየመጣ «ዳኛ ይሾምልን! ፍትሕ ያለህ!» እያለ የሚጮኸው ሰው እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ ያሉ ባለጉዳዮች «አንደበታችን» ብለው ስም አውጥተውልኛል፤ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ይነሡልኛል። ጸሐፊዎ «ገና ነው፣ ዳኛ ሲሾም እንደውላለን» ስትለኝ ግን አንገቴን ደፍቼ እወጣና፣ መንገዱን ስሻገር ቀለል ይለኛል። ቤት ስደርስ ልጄ በሩን ትከፍትልኛለች። እናቷ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ እያለች ያንኑ ስልክ ትጠብቃለች። እኔ ባለውለታዎ ነኝ፣ ክቡርነትዎ፤ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ልጄን ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ስጽፍ ግን የሚሰማኝ ሐፍረት ነው፣ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ባለፈው እሑድ እናቷ መጣች። ልጄ እንዳየቻት ብድግ ብላ ወንበር ሳበችላት፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት፤ ውሃ በትሪ አቀረበችላት። ጓዳ ገብታ ደግሞ በሹክሹክታ «አባዬ፣ እንግዳዋ እስኪሄዱ ቴሌቪዥኑን ልዝጋው?» አለችኝ። እናቷ ሰምታለች። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጥታ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ መልሳ «አመሰግናለሁ፣ የኔ እመቤት» አለቻት። ልጄ እስከ ውጭ በር ሸኘቻት፤ «ስለመጡልን ደስ ብሎናል» ብላ ተመለሰች። እኔ ነኝ እንግዳ አክባሪ አድርጌ ያሳደግኋት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው እንዲህ ነው፦ ዳኛ ይሹሙ። ወጣት ይሁኑ፤ ጡረታቸው ሩቅ ይሁን፤ ኬክም የማይወዱ ቢሆኑ እመርጣለሁ። የሚፈርዱት በእኔ ላይ እንደሚሆን እያወቅሁ ነው የምለምነው። ይህን ልመና ከልቤ ሳቀርብ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ካለፉት ጩኸቶቼ ጋር አንድ ላይ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮትና ከዚያም ከሚበልጥ ሐፍረት ጋር፣
የባዶ ወንበርዎ ዋና ተጠቃሚ፣
በአደባባይ ሲጮህ በጓዳው እፎይ ሲል የከረመው፣
ከፍርድ ቤቱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ።

ማስታወሻ፦ በእኔ እጅ ከቆየ ኪሴ ውስጥ እንደሚያረጅ ስለማውቅ፣ ይህን ደብዳቤ እንድታስገባልኝ የሰጠሁት ለልጄ እናት ነው። ሱቄ በር ላይ ቆማ አነበበችው። ስለ ትኩሱ ፎጣ የሚያወራው ጋ ስትደርስ መለስ ብላ ደግማ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችውና «እና እስከ ዛሬ የጠፋው ዳኛ ነበር?» አለችኝ። ደብዳቤውን ለምኜ ተቀበልኳትና ይህችን ማስታወሻ ጨመርኩበት። ዛሬ ልጃችን የምታድረው እናቷ ጋ ነው፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፤ ልብሷን ያጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እሑድ እሑድ እንግዳ የምሆነውም እኔ ነኝ። ሹመቱን በተመለከተ እንግዲህ በእኛ ምክንያት አይቸኩሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ገና ብዙ ሕፃናት እያደጉልዎት ነው።