በመጠለያችን ስም ላይ ስለተደረደሩት ባዶ ሳጥኖች

አሽዶድ
ቀን፦ 10.12.2023

ለመጠለያ ካርታ ድረ ገጽ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክብርት ወይዘሮ ኦርና

ጉዳዩ፦ የአማርኛ ፎንት በሰርቨሩ ላይ እንዲጫንና የአማርኛው ካርታ እንዳይወገድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ይርጋለም ማሐሪ የሮቫ ጊሜል ሰፈር ነዋሪ ስሆን፣ ይህን አቤቱታ የማቀርበው በአማቴ በወይዘሮ ብዙአለም ስም ጭምር ነው። እሳቸው ራሳቸው እንዳይጽፉ ቀኝ እጃቸው ጄሶ ውስጥ ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

1. ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግባቸውን ቦታዎች የሚያሳየው የመጠለያ ካርታ በአማርኛም ሊወጣ ነው ሲባል ሰፈራችን እንዴት እንደተደሰተ ባዩ! አማቴ በሱዳን በኩል የመጡ ሰው ናቸው። ዕብራይስጥ ማንበብ አልሆነላቸውም። አማርኛ ማንበብን ግን እዚሁ አሽዶድ፣ በአረጋውያን ክበብ፣ ከስልሳ ዓመታቸው በኋላ ተምረው፣ አሁን የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ቢያገኙ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት።

2. ካርታው ተከፈተ። አማርኛን ስንመርጥ በየስሙ ቦታ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ መጣ፣ ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን። ደወልን። «ስልካችሁን አድሱ» ተባልን፤ አደስን። አዲስ ስልክ የገዛም አለ፤ ሚስቱ ገና ስላላወቀች ስሙን አልጠቅስም። ሳጥኑ ግን ያው ሳጥን ነው።

3. የእኛ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጎረቤታችን አቶ አሳምነው «ይህማ ይነበባል!» ብለው ክበቡ ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። «አምስት፣ ክፍተት፣ ከዚያ ሁለት ካያችሁ ትምህርት ቤት ነው። ሁለትና ሦስት ጤና ጣቢያ። አራት ብቻውን ከቆመ መጠለያ!» አማቴም «አንተ አሳምነው፣ ፊደሉ እንዲያ ሲያስቸግርህ ኖሮ ሳጥኑ ላይ ሊቅ ሆንክ?» ብለው አሳቁን። ግን አጠኑት። በሰፈራችን ውስጥ ይሠራም ነበር።

4. ባለፈው ማክሰኞ አማቴ ከእህታቸው ዘንድ ሲመለሱ፣ አድ ሃሎም ከባቡር ወርደው ፋብሪካዎቹን ታክከው እየሄዱ፣ ከእኔ ጋር በስልክ እናወራ ነበር። አዛካው፣ የአደጋው ጥሩንባ፣ ጮኸ። «ቆይ፣ ካርታውን ልይ» አሉ። ወዲያው «አራት! አገኘሁት!» ብለው ሮጡ። ሲያለከልኩ እሰማለሁ። ቀጥሎ ብረት ሲደበደብ ሰማሁ። «ክፈቱልኝ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ክፈቱልኝ!» የሚመልስ የለም። እኔ እዚህ ሆኜ «እማዬ፣ ይተኙ! መሬት ላይ ይተኙ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ፍንዳታው መጣ፤ ከዚያ ስልኩ ፀጥ አለ። ያን ጊዜ ያሰብኩት በአቤቱታ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ቆይቶ ድምፃቸው መጣ፦ «ይርጌ፣ ተቆልፏል እኮ።»

በማግስቱ ሄጄ አየሁት። የደበደቡት በር የመጋዘን በር ነው። መጋዘንም አራት ፊደል ነው። መጠለያው ከመንገዱ ማዶ፣ ከጀርባቸው፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነበር። ካርታችሁ ሁለቱን የሚለየው በስማቸው ብቻ ነው። አማቴ መሬት ላይ ሲወድቁ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

5. የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ አቶ ኦዴድ በስልክ በትሕትና አስረድተውኛል። ካርታው እኛ ስልክ ላይ የሚጻፍ ሳይሆን ሰርቨር በሚሉት ዋና ኮምፒውተራችሁ ላይ እንደ ሥዕል ተሥሎ የሚላክልን ኖሯል። ሰርቨሩ የአማርኛ ፎንት፣ ማለትም የፊደላችን ቅርጽ፣ ስላልተጫነበት፣ ፊደሉን ባጣ ቁጥር ሳጥን ይሥላል። ቀድሞ ቅሬታችን «ተፈቷል» ተብሎ የተዘጋውም፣ ፎንቱ ባለበት በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሥለው ስላዩት ነው። ይህንንም አልሸሸጉኝም፤ አመሰግናቸዋለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ሰርቨሩን ለመንካት ግን የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል ብለውኛል።

6. እኛ ፈቃዱን ስንጠብቅ ማስታወቂያ መጣልን፦ «የአማርኛውን ካርታ የሚከፍተው ሰው ጥቂት በመሆኑ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይወገዳል።» ክብርት ሆይ፣ ሳጥን ለማየት ማን ይከፍታል?

ስለዚህ ፎንቱ በሰርቨሩ ላይ ተጭኖ ካርታውን የሚሥለው ፕሮግራም እንዲጠቀምበት ይታዘዝልን። ከዚህ በፊት ተሥለው የተቀመጡት ሥዕሎችም ተሰርዘው እንደ አዲስ ይሣሉ፤ አለዚያ ፎንቱ ገብቶም አሮጌው ሳጥን መምጣቱን አይተውም። ፍተሻው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቅር፣ በአማቴ ስልክ ላይም ይታይ፤ እሳቸው ጮክ ብለው ያነቡላችኋል። ይህ ሁሉ እስኪሆን የአማርኛው ካርታ እንዳይወገድ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከደጅ አልወጡም። እህታቸው ሲደውሉ «ካርታው ይስተካከልና እመጣለሁ» ይላሉ።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቀን አድ ሃሎም ጣቢያ ወርደው ካርታውን በአማርኛ ይክፈቱት። ከመንገዱ ወዲህ አራት ሳጥን፣ ከመንገዱ ወዲያ አራት ሳጥን ያያሉ። አዛካው ጮኸ እንበል። ወደ የትኛው ይሮጣሉ?

መልስዎ ከሚቀጥለው ጥሩንባ ቀድሞ እንዲደርሰን እየተማጸንኩ፣
ከሰላምታ ጋር

ይርጋለም ማሐሪ (ፊርማ)
ወ/ሮ ብዙአለም (በግራ እጃቸው የፈረሙት)