በበሩ ቋሚ ላይ ያለው ቅል

ጥር 5 ቀን 1958

ሽንብራ ስለቅም ዋልሁ ልል ነበር... ውሸት! ግማሹን ቀን ሳወራ ነው የዋልሁት። ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርስቲው አንዲት ልጅ መጥታለች፣ አመተ ሥላሴ ትባላለች። ስለ ዘር ልታጠና። በፎገራ ማን ከማን ይጋባል፣ ማን ከማን ይበላል...

«እትየ ይታይሽ፣ የተማሩ ነዎት አሉኝ። ከሰዉ ያስተዋውቁኝ» አለችኝ። እኔን! ደስታየን የት ላድርገው?

«እኛ ዘንድ ዘር መቁጠር የለም ልጄ፤ ሁላችን የማርያም ልጆች ነን» አልኋት። ጻፈችው።

ሰኞ ከአማከለች ጋር አገናኛታለሁ፣ ከሸክላ ሠሪዋ። እንደ እህቴ ናት። ደጄ ሳታርፍ ገበያ አትገባም።

ጥር 9

ምን ብየ ልጻፈው...

አማከለች መጣች፣ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱም አጠገቧ ቁጭ። ጨዋታው ደራ፣ ሳቁ እስከ ጓዳ ይሰማኛል። ጠላ ይዤ ስወጣ ልጅቱ ከበሩ ቋሚ ላይ የተሰቀለውን ቅል አውርዳ፣ ከእንስራው ውሃ ቀድታ፣ ወደ አፏ...

«ተይ! የሷ ነው!» ጮህሁ።

«ምነው እትየ?»

የመለሰችላት አማከለች ናት። «ጠይብ አይደለሁ እመቤቴ? እኔ በዚያ ነው የምጠጣው። እነሱ አይነኩትም።» ቁጣ እንኳ የለባትም። ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

ልጅቱ ውሃውን ጨልጣ ጠጣችው። እኔ ጠላየን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ቅሉን መጀመሪያ የሰቀለችው እናቴ ናት። ሲሰበር ሌላ የሰቀልሁትስ? እኔ። እንስራውን የሠራችው ደግሞ አማከለች ናት፣ በገዛ እጇ! ከዚያ ስንጠጣ ዓይኗን አልፈራንም...

ጥር 11

ጥምቀት። ቄሱ ጠበሉን ሲረጩ አማከለችን ራቅ ብላ ቆማ አየኋት። እሷንም እኔንም ያው ውሃ ነካን። ቀድማ ፊቷን ያዞረች እሷ ናት ወይስ እኔ?

ጥር 14

ቅዳሜ ገበያ። ገንቦዋን አዝላ በደጄ አለፈች። አልገባችም።

ባለቤቴ በላቸው፦ «ካኮረፈች ታኩርፍ፣ ሸክላ ሠሪ ሞልቷል።»

«የጎደለኝ ሸክላ መሰለህ?» ጮህሁበት። ደነገጠ።

አመተ ሥላሴ ልትሰናበተኝ መጣች። «‹ዘር መቁጠር የለም› ያሉኝን ልሰርዘው?»

«አትሰርዥው። ከሥሩ ቅሉን ጻፊበት» አልኋት። ቀና ብየ ላያት አልቻልሁም።

ጥር 15

ቅሉ አሁንም እንደ ተሰቀለ ነው። ምን እጠብቃለሁ?

ጥር 23

ቅሉን በጠዋት ሰብሬ እሳት ውስጥ ከተትሁትና ሄድሁ፣ ጣራ ገዳም ሥር፣ መንደሯ ድረስ። ስንት ዘመን «እህቴ» ስላት ቤቷን አላውቀውም። ጠይቄ አገኘሁት።

ጭቃ ትረግጣለች።

«ቅሉን አቃጠልሁት» አልኋት። «ከእንግዲህ በኛው ዋንጫ ትጠጫለሽ።» ታመሰግነኛለች ብየ!

እግሯን ከጭቃው አላወጣችም። «እርስዎስ እትየ፣ ከኔ ቤት ጠጥተው ያውቃሉ?»

«ጠማኝ» አልኋት።

ታጥባ ገባች። ልጆቿ የሚጠጡበትን ዋንጫ ሞልታ ወጣች። ፈራሁ... ይኸው ልጻፈው፣ ፈራሁ። ጠጣሁ። ውሃ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

«ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

«እንጃ እትየ» አለች፣ ዋንጫውን ስትቀበለኝ።

ስመለስ በላቸው ባዶውን ምስማር ያያል። «የአማከለች ቅልስ?»

«ከኛው ጋር ነው የምትጠጣ።»

«ከመጣች» አለ።

ከመጣች...