«ባለቤት የሌለው» ተብሎ ስለተጻፈባት አረንጓዴ መኪና

ለተከበሩ የመንገድ ዳር ጽዳትና ውበት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመሥሪያ ቤትዎን የእጅ ጽሑፍ ከመኪና በር ላይ ስለ ማንሣት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ቀለም ሳይደበዝዝ እንዲቆይ፣ እርስዎ ከወንበሩ ወንበሩም ከእርስዎ ሳይለያይ ብዙ ዘመን እንዲዘልቁ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ ጊዜ ቢያጡ አልቀየምም፤ ጠያቂ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ስለሆነ መልሱን እኔም ረስቼዋለሁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በቢሮ ጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ መኪና ቀለም ቀቢ ነበር። «ሁለታችንም የመኪና ሰዎች ነን፤ እኔ በሚሄደው፣ እሷ በሚጽፈው» እያለ እንግዳ ያስቅ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ከአጥራችን ሥር የቆመችው አረንጓዴ መኪና የመጨረሻ ሥራው ናት። ቀለሟን ከአምስት ጣሳ በዓይኑ ለክቶ ነው የደባለቀው፤ ማማሰያውን ወደ ፀሐይ እያነሣ በኩሽናው መስኮት «ጨለመ እንዴ?» ይለኛል፣ እኔም «ትንሽ» እለዋለሁ፤ እንዲህ ስንባባል ሦስት ቀን አለፈ። መጠኑን የጻፈበት ወረቀት የለም። ዛሬ ያንን አረንጓዴ የሚያውቅ አንድም የቀለም መደብር ስለሌለ፣ ከተፋቀ ተፋቀ ነው።

የተከበረው መሥሪያ ቤትዎ ከአሥራ አራት ቀን በፊት በዚህች መኪና የፊት በር ላይ «ባለቤት»፣ በኋላው በር ላይ «የሌለው» ብሎ በቀይ የሚረጭ ቀለም ጽፎልናል። በዚሁ ምክንያት ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጽሑፉ እጅግ ውብ ነው። ስምንቱም ፊደላት ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፣ ስህተት የለባቸውም፤ እኔ በዘመኔ ከተየብሁላቸው የብዙ ኃላፊዎች ረቂቅ ይሻላል። ቅር ያለኝ ሠራተኛዎ ከመጻፉ በፊት ከመኪናዋ ሦስት እርምጃ የሚርቀውን በር አለማንኳኳቱ ነው። ቤት ነበርሁ። የቀለም ጣሳውን መንኳኳት፣ ቀጥሎም የቀለሙን ፉጨት ሰማሁ፤ እንደ ልማዴ ብድግ ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ሄድሁና «ደግሞ ልብስ ከተሰጣበት ትረጫለህ?» ልል አፌን ከከፈትሁ በኋላ ነው የሚረጨው እሱ ሊሆን እንደማይችል ትዝ ያለኝ። ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ባለው ርቀት ባል ነበረኝ። ለዚህ ምስጋና የሚቀርበው በየትኛው ቅጽ እንደሆነ ስላላወቅሁ በዚሁ ደብዳቤ ይያዝልኝ።

ሁለተኛ፦ በመስታወት መጥረጊያው ሥር የተሰካው ማስጠንቀቂያ መኪናዋን «ያልተንቀሳቀሰችና አገልግሎት የማትሰጥ» ስለሚላትና በአሥራ አምስተኛው ቀን ተጭና እንደምትወሰድ ስለሚገልጽ፣ በማግሥቱ መስኮት ቁጥር አራት ዘንድ ቀረብሁ። አለመንቀሳቀሷ እውነት ነው፤ መንዳት አልችልም። አገልግሎቷን በተመለከተ ግን በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በጎን ወንበር እቀመጥባታለሁ። የሹፌሩን ወንበር አልነካም፤ ሰው ያለበት ቦታ ነው። የመስኮቱ ሠራተኛ ይህን በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ባለቤቱ ራሳቸው ይቅረቡ» አሉኝ። የሞት ማስረጃውን ሰጠኋቸው። ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ በጥንቃቄ አጥፈው መለሱልኝና «ገባኝ እማማ፤ ግን መዝገቡ ላይ ያሉት እሳቸው ስለሆኑ እሳቸው ሳይፈርሙ አይሆንም» አሉኝ። እማማ ያሉኝ ሰው ከእኔ ቢያንሱ በሦስት ዓመት ነው፤ እሱን እንተወው። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ራሱ እንዲቀርብ እኔም ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስማጸን የቆየሁ ሰው ነኝ። የእርስዎ ቢሮ ከእኔ የበለጠ ተሰሚነት ካለው፣ ውጤቱን እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፦ እኚሁ ሠራተኛ ሊያጽናኑኝ ብለው «በቲነር ያስጠርጉት፣ አዲስ ይሆናል» ሲሉ መክረውኛል። ስለ በጎ አሳባቸው አመሰግናለሁ። ይሁንና ቲነር የትኛው ቀለም የእናንተ፣ የትኛው የባለቤቴ እንደሆነ ለይቶ አያውቅም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቴ ለሙያ ባልደረቦቹ ሲናገር ከኩሽና ሆኜ የሰማሁትን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ትለጥፉት እንደሆነ ብዬ እጽፋለሁ። በቅድሚያ መኪናዋ ጥላ እስኪያገኛት ይጠበቃል፤ በጋለ ላሜራ ላይ ሥራ የለም። ከዚያ አቧራው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ ባለቤቴ አቧራ ላይ የሚያሸውን ሰው «ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚታጠብ» ይለው ነበር። ቀጥሎ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በጥቂት ነጭ ጋዝ ይነከርና ሰው በማያየው በበሩ የታችኛው ጠርዝ ይሞከራል፤ ጨርቁ አረንጓዴ ከነካው ወዲያው ይቆማል፣ ካልነካው ይቀጠላል። ቀዩ ላይ ጨርቁን አሳርፎ መቶ መቁጠር፣ ሳይጫኑ መጥረግ፣ ጨርቁ በቀላ ቁጥር ንጹሑን ፊት ማዞር ነው። እምቢ ያለው ቅሪት በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ቀስ ተብሎ ይነሣል፤ ምላጭ ለመስታወት እንጂ ለቀለም አይደለም። በመጨረሻ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ሰም ይቀባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለቀለም አይሠራም፤ ሠራተኛዎ እየሮጠ የጻፈውን እኔ የፈታሁት በቀን አንድ ፊደል ነው።

አራተኛ፦ ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። የጀመርሁት ከኋላው በር ነበር። በአራት ቀን «የሌለው» ጠፋ፤ ከሥሩ አረንጓዴው ምንም ሳይሆን ወጣ፣ ዕለቱን የተቀባ ይመስላል። በአምስተኛው ቀን ጨርቄን ይዤ ወደ ፊት በር ስዞር መኪናዋ ላይ የቀረው «ባለቤት» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። እጄን አጠፍሁ። ሰዎች ስሙን ትተው «ሟቹ» ማለት ከጀመሩ ወዲህ ያን ቃል በዚህ ቤት አጠገብ የጻፈም የተናገረም የለም። በየማለዳው መጋረጃውን ስገልጥ አየዋለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። እሱ ቢኖር «ቀለም ሲቆይ ይነክሳል፣ ዛሬውኑ አንሺው!» ብሎ ይቆጣኝ ነበር። ምነው በተቆጣኝ። ሠራተኛዎን በተመለከተም እውነቱን ልናገር፦ የተሳሳተው አድራሻ ብቻ ነው። ሦስቷን እርምጃ ተራምዶ ጽሑፉን በእኔ ላይ አድርጎት ቢሆን ኖሮ «የሌላት» ከማለት በቀር የሚነቀፍ ነገር አልነበረበትም።

አምስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ማስረዘም ስለሆነ ሰርዤዋለሁ።

እንግዲህ ነገ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናዋን ተዉልኝ። በመዝገባችሁ የባለቤትነት ዓምድ ውስጥ የእኔ ስም ቢገባ፣ ለፊርማ የምትፈልጉት ሰው በእግሩ ሊቀርብ የሚችል ይሆንላችኋል።

ላደረጋችሁልኝ ሁሉ፣ በተለይም በሁለት ዓመት ውስጥ በአድራሻዬ የደረሰኝ ብቸኛ ወረቀት የእናንተ ማስጠንቀቂያ በመሆኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ለክቡርነትዎ ጥላ፣ ለማኅተምዎ ቀለም፣ ለሠራተኞችዎ የሚያንኳኩበት ጣት እንዳይጠፋ በመመኘት በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የአረንጓዴዋ መኪና የጎን ወንበር ተቀማጭ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር አራት
ለባለቤቴ፣ ባለበት

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ የእናንተንም ሳላርም ማለፍ አልቻልሁም። የመጨረሻውን «ት» የግራ ጭረት በነጭ ጋዝ አነሣሁና ከእግሩ ሥር አንዲት ቀለበት ጨመርሁለት፤ ከ«ባለቤት» እስከ «ባለቤቴ» ያለው ልዩነት ቀለበት ብቻ ነው። የሣልኋት ሁለት ዓመት ባልከፈትሁት የከንፈር ቀለም ስለሆነ በለስላሳ ጨርቅ ይለቃል፣ የታችኛውን አይጎዳም። ነገ የሚጭነው መኪና ሲመጣ ሠራተኛዎ ይህን ያንብብና፣ ካነበበ በኋላም መጫን ካለበት፣ እባክዎ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይበል። ሰው አለ።