አፍንጫዬና የጋዝ ተቆጣጣሪው

ልጄ ሆይ፣ ብዕሩን የያዘችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ የጋዝ ተቆጣጣሪው ግን ጨጓራዬን ልጦታል። ትናንት መሣሪያውን ወደ ምድጃዬ ቧንቧ ቢያስጠጋው፣ እናቱን እንዳጣ ጥጃ ጮኸ።

«አባባ፣ ጋዙ እያፈሰሰ ነው። አይሸትዎትም?» አይለኝም! ሠላሳ ዓመት የጋዝ መስመር በአፍንጫዬ የጠበቅሁትን እኔን!

«ያበደው መሣሪያህ ነው» አልኩት። ይቺ ልብስ ሰፊም «እኔን እንኳ ከደጅ ሸቶኛል» ብላ ለእሱ ወገነች። ጻፊው፣ ምን ታፍሪያለሽ!

ጋዙን ዘግቶ ቀይ ወረቀት ለጠፈና «ብቻዎን ነው የሚኖሩት?» ብሎ መዘገበኝ። ምን አገባው?

ደግሞ በቀደም የላክህልኝን ሽቶ ተታለህ ነው የገዛኸው፤ ውሃ ነው።

ሚስትህንና ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

በይ አሁን አንብቢልኝ። የሽቶውን ነገር ግን ሰርዢው።